ሁለት ጌትዌዮችን በአይፒሴክ ቪፒኤን ማገናኘት፦ ከዝግጅት እስከ ብልሽት ፍለጋ

ሁለት ጌትዌዮችን (የውስጥ ኔትወርክን ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኙ መሣሪያዎችን) በአይፒሴክ ታነል (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተመሰጠረ መስመር) ለማገናኘት ሞክረው ያልተሳካላቸው ሰዎች የሚያነሡት ችግር ብዙውን ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። ታነሉ ጭራሽ አይነሣም፤ ወይም ተነሥቶ ዳታ አያሳልፍም፤ ወይም ደህና ሲሠራ ቆይቶ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይቆረጣል። ሦስቱ ችግሮች የሚፈጠሩት በተለያየ ደረጃ ላይ ስለሆነ መፍትሔያቸውም የተለያየ ነው። በዚህ ሥራ ከሁሉ የሚጎዳው፣ የትኛው ደረጃ ላይ እንደቆሙ ሳይለዩ ቅንብሮችን በዘፈቀደ መነካካት ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ቅደም ተከተል ይጠብቁ፤ አንዱ ደረጃ መሥራቱን በዓይንዎ ሳያረጋግጡም ወደሚቀጥለው አይለፉ።

የመሣሪያዎ አምራች ማንም ይሁን፣ የገጾቹና የቁልፎቹ ስም ቢለያይም የሚሞሉት መረጃ አንድ ነው። በዚህ መመሪያ የምንጠቀምበት ምሳሌ የሚከተለው ነው፦

- ጌትዌይ ሀ፦ ፐብሊክ አይፒው 203.0.113.10፣ የውስጥ ኔትወርኩ 10.10.0.0/24
- ጌትዌይ ለ፦ ፐብሊክ አይፒው 198.51.100.20፣ የውስጥ ኔትወርኩ 10.20.0.0/24

ሁለቱ ፐብሊክ አድራሻዎች ለምሳሌነት ብቻ ከተከለሉ ክልሎች የተወሰዱ ናቸው፤ በራስዎ አድራሻዎች ይተኳቸው።

1. ማንኛውንም ቅንብር ከመንካትዎ በፊት

*መመለሻ ያዘጋጁ።* የሁለቱንም ጌትዌዮች ቅንብር በፋይል አስቀምጠው ያውርዱ። ከርቀት የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ የፋየርዎል ሕግ ሲሳሳቱ ራስዎን ውጭ እንዳይዘጉ በሌላ መስመር የሚገቡበትን መንገድ ያዘጋጁ፤ ይህ ካልተቻለ በሩቁ ጌትዌይ አጠገብ በስልክ የሚገኝ ሰው ይኑር። መሣሪያዎ ካልተረጋገጠ ለውጥ በራሱ ጊዜ ወደ ነበረበት የሚመለስበት አማራጭ ካለው ይጠቀሙበት።

*የውስጥ አድራሻዎች እንዳይደራረቡ ያረጋግጡ።* ሁለቱም ወገኖች 192.168.1.0/24 የሚጠቀሙ ከሆነ ታነሉ ቢነሣም አይጠቅምም። በአንዱ ወገን ያለ ኮምፒውተር የሌላውን አድራሻ ሲፈልግ በራሱ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ፓኬቱን ወደ ጌትዌዩ አይልክም። ትክክለኛው መፍትሔ የአንዱን ወገን አድራሻ መቀየር ነው። ብዙ መሣሪያዎች አንዱን ሰብኔት (የውስጥ አድራሻ ክልል) በታነሉ ውስጥ በሌላ ሰብኔት ስም የሚያሳዩበት የአድራሻ ትርጉም አላቸው፤ ይህን መንገድ የምመክረው ግን ቅየራው በእውነት በማይቻልበት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እያንዳንዱን ብልሽት ሁለት እጥፍ ያከብደዋልና።

*ፐብሊክ አይፒው በእርግጥ የእርስዎ መሆኑን ይመርምሩ።* የጌትዌዩን የውጭ ኢንተርፌስ አድራሻ ይመልከቱ። በ10 የሚጀምር፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ባለው ክልል የሚገኝ ወይም በ192.168 የሚጀምር ከሆነ ጌትዌዩ ከሌላ ራውተር ጀርባ ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከሆነ ደግሞ የኢንተርኔት አቅራቢዎ ብዙ ደንበኞችን በአንድ አድራሻ እያወጣ ነው ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ከውጭ ወደ እርስዎ ግንኙነት መጀመር አይቻልም። አንዱ ወገን ብቻ እንዲህ ከሆነ ያ ወገን ሁልጊዜ ጀማሪ፣ ሌላው ተቀባይ ሆኖ ይሠራል። ሁለቱም ወገኖች እንዲህ ከሆኑ ቢያንስ አንዱ ቋሚ ፐብሊክ አይፒ እስኪያገኝ ድረስ ሥራውን አይጀምሩ።

*ሰዓታቸውን ያስተካክሉ።* ሁለቱንም ጌትዌዮች ከኤንቲፒ (ሰዓት አስተካካይ) ሰርቨር ጋር ያገናኙ። በሰርቲፊኬት የሚሠሩ ከሆነ የተሳሳተ ሰዓት ሰርቲፊኬቱን ውድቅ ያደርገዋል። በጋራ ቁልፍ ቢሠሩም እንኳ የሁለቱን ሎግ (የክንውን መዝገብ) ጎን ለጎን ለማንበብ ሰዓቱ መግጠም አለበት።

2. አንድ የጋራ ሰነድ ይጻፉ

ታነል አልነሣ የሚለው በአብዛኛው ሁለቱ ወገኖች የተለያየ ነገር ስለሞሉ ነው። አንዱ ባለሙያ ከማስታወሻው፣ ሌላው መሣሪያው አስቀድሞ ከሞላለት ዋጋ ይሠራና ልዩነቱ የት እንዳለ ለማግኘት ግማሽ ቀን ይጠፋል። ይህን ለማስቀረት ሁለቱም ወገኖች የሚሠሩበት አንድ ሰነድ ያዘጋጁና መሣሪያ ከመነካቱ በፊት ሁለቱም ያጽድቁት። የጋራ ሚስጥር ቁልፉ በዚህ ሰነድ ውስጥ አይጻፍም። የሚከተሉት ግን ይጻፉ፦

- የፕሮቶኮል ስሪት፦ አይኬኢ (ጌትዌዮቹ በምስጠራና በቁልፍ የሚስማሙበት ፕሮቶኮል) ስሪት 2
- የማረጋገጫ ዘዴ፦ የጋራ ሚስጥር ቁልፍ ወይም ሰርቲፊኬት
- የእያንዳንዱ ወገን መታወቂያ፦ አይፒ አድራሻ ወይም ስም
- ምዕራፍ አንድ (ጌትዌዮቹ የሚተዋወቁበት ስምምነት)፦ ምስጠራ ኤኢኤስ-256፣ ሀሽ (ዳታው አለመነካቱን ማረጋገጫ) ኤስኤችኤ-256፣ ዲፊ-ሄልማን (የቁልፍ ልውውጥ ዘዴ) ቡድን 19 ወይም 14፣ ዕድሜ 28,800 ሰከንድ
- ምዕራፍ ሁለት (ዳታው የሚመሰጠርበት ስምምነት)፦ ኤኢኤስ-256 በጂሲኤም፣ ፒኤፍኤስ (ቁልፉ በታደሰ ቁጥር ከቀድሞው ነጻ የሆነ አዲስ ቁልፍ ማውጣት) በቡድን 19 ወይም 14፣ ዕድሜ 3,600 ሰከንድ
- የሚያልፉት ሰብኔቶች፦ ከ10.10.0.0/24 ወደ 10.20.0.0/24፣ በሌላው ወገን ደግሞ የዚህ ግልባጭ

ስለ ምርጫዎቹ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። አይኬኢ ስሪት 1 በ2023 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በይፋ ጊዜው ያለፈበት ተብሏል፤ ስሪት 2ን የማያውቅ አሮጌ መሣሪያ ካልገጠመዎት በቀር አይጠቀሙበት። በስሪት 1 ለመሥራት ቢገደዱ እንኳ አግረሲቭ ሞድ የተባለውን ከጋራ ቁልፍ ጋር አያጣምሩ፤ ተቀባዩ ጌትዌይ ከቁልፉ የተሰላ መልስ ለማንኛውም ጠያቂ ስለሚልክ፣ አጥቂው ያንን ይዞ ቤቱ ተቀምጦ ቁልፉን በግምት ሊፈልገው ይችላል። ዲኢኤስ፣ ትሪፕል ዲኢኤስ፣ ኤምዲ5 እና ኤስኤችኤ-1፣ እንዲሁም የዲፊ-ሄልማን ቡድን 1፣ 2 እና 5 በመሣሪያው የምርጫ ዝርዝር ውስጥ ይኖራሉ፤ አይምረጧቸው። አንድ ጊዜ «ለሙከራ» ተብሎ የተመረጠ ደካማ አልጎሪዝም ታነሉ ከሠራ በኋላ ማንም አይቀይረውም።

በጂሲኤም የሚሠራ ምስጠራ የዳታውን አለመነካት ራሱ ስለሚያረጋግጥ በምዕራፍ ሁለት ከጎኑ የተለየ የሀሽ አልጎሪዝም አያስፈልገውም። መሣሪያዎ የሀሽ መስኩን ባዶ ቢያደርገው ወይም ቢዘጋው ስህተት አይምሰልዎ።

3. ሚስጥር ቁልፉን ያዘጋጁ

ቁልፉን ከራስዎ አእምሮ አያውጡ። በኦፕንኤስኤስኤል ወይም በታመነ የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም 32 ባይት የዘፈቀደ ዳታ ያውጡ፤ በቤዝ64 ሲጻፍ 44 ምልክት ይሆናል። መሣሪያዎቹ ስንት ምልክት እንደሚቀበሉ አስቀድመው ይመልከቱ፤ አንዳንዱ ረጅሙን ቁልፍ ሳያስጠነቅቅ ሊቆርጠው ይችላልና። ለእያንዳንዱ ታነል የተለየ ቁልፍ ይስጡ።

ቁልፉን ለሌላው ወገን ሲያስተላልፉ ከሰነዱ ጋር በአንድ ኢሜይል አይላኩት። የተመሰጠረ የመልእክት መተግበሪያ ይጠቀሙ ወይም ግማሹን በአንድ መንገድ፣ ግማሹን በሌላ መንገድ ያድርሱ። ሲለጥፉ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ወይም የመስመር መጨረሻ ምልክት ተጣብቆ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ በዓይን ስለማይታይ ከሌላው ስህተት ሁሉ ይህ ያደክማል።

4. መንገዱን ይክፈቱ

በሁለቱም ጌትዌዮች የውጭ ኢንተርፌስ ላይ የሚከተሉት እንዲገቡ ይፍቀዱ፦

- ዩዲፒ ፖርት 500፣ ለአይኬኢ
- ዩዲፒ ፖርት 4500፣ በመካከል ናት (የፓኬቶችን አድራሻ የሚቀይር ሥርዓት) ሲኖር ለሁሉም ትራፊክ
- የአይፒ ፕሮቶኮል ቁጥር 50፣ ማለትም የተመሰጠረውን ዳታ የሚሸከመው ኢኤስፒ

የመጨረሻው ፖርት እንዳልሆነ ልብ ይበሉ። ኢኤስፒ ከቲሲፒና ከዩዲፒ ጎን የሚቆም ራሱን የቻለ ፕሮቶኮል ነው፤ «ቲሲፒ 50» ብሎ መክፈት ምንም አይጠቅምም። ሕጎቹን ለመላው ኢንተርኔት አይክፈቱ፤ የሌላው ወገን ፐብሊክ አይፒ ቋሚ ከሆነ ምንጩን በዚያ አድራሻ ብቻ ይገድቡት።

ጌትዌዩ ከሌላ ራውተር ጀርባ ከሆነ በዚያ ራውተር ላይ ዩዲፒ 500 እና 4500 ወደ ጌትዌዩ እንዲተላለፉ ያድርጉ። ሁለቱ ጌትዌዮች በመካከላቸው ናት መኖሩን ራሳቸው ያውቁና ወደ 4500 ይዛወራሉ፤ ኢኤስፒውም በዩዲፒ ውስጥ ተጠቅልሎ ይጓዛል።

5. ምዕራፍ አንድን ይሙሉ

ጌትዌይ ሀ ላይ የሌላውን ወገን አድራሻ 198.51.100.20 ብለው ያስገቡ፤ ከዚያም ስሪቱን፣ አልጎሪዝሞቹን፣ ቡድኑንና ቁልፉን ከሰነዱ እያዩ ይሙሉ። መሣሪያው ብዙ አማራጭ አልጎሪዝሞችን በአንድ ጊዜ ለማቅረብ ቢፈቅድም የተስማሙበትን አንዱን ብቻ ይተዉ። በጌትዌይ ለ ላይ ያንኑ በግልባጩ ይድገሙት።

መታወቂያውን በጥንቃቄ ይሙሉት። መታወቂያው ካልተሞላ ብዙ መሣሪያዎች የውጭ ኢንተርፌሳቸውን አድራሻ ይልካሉ። ጌትዌዩ ከናት ጀርባ ሲሆን ያ አድራሻ ፕራይቬት ነው፤ ሌላው ወገን ግን የሚጠብቀው ፐብሊኩን ስለሆነ ቁልፉ ትክክል ሆኖ ሳለ ማረጋገጫው ይወድቃል። በዚህ ጊዜ የሚላከውን መታወቂያ በእጅዎ ጽፈው ይወስኑት። አድራሻው የሚቀያየር ወገን ካለ ከአይፒ ይልቅ ስም ይስጡት፤ ስሙ በኢንተርኔት ላይ የተመዘገበ መሆን የለበትም፣ በሁለቱም በኩል በፊደል አንድ ዓይነት ይሁን እንጂ።

ሌላው ጌትዌይ መኖር አለመኖሩን በየጊዜው የሚጠይቀውን ዲፒዲ ያብሩ፤ 30 ሰከንድ ይበቃዋል። ዲፒዲ ከሌለ አንዱ ጌትዌይ ጠፍቶ ሲነሣ ሌላው የሞተውን ታነል በሕይወት እንዳለ ቆጥሮ ፓኬት መላኩን ይቀጥላል።

6. ምዕራፍ ሁለትን ይሙሉ

ሰብኔቶቹ መስተዋት መሆን አለባቸው፦ ጌትዌይ ሀ «የእኔ 10.10.0.0/24፣ የእርሱ 10.20.0.0/24» ሲል ጌትዌይ ለ «የእኔ 10.20.0.0/24፣ የእርሱ 10.10.0.0/24» ይላል። አንዱ 24 ሌላው 16 ብሎ ቢሞላ አንዳንድ መሣሪያዎች የጋራውን ክፍል ወስደው ይስማማሉ፤ ሌሎች እምቢ ይላሉ። ታነሉ ከአንዱ ወገን ሲጀመር ይሠራና ከሌላው ሲጀመር እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ፒኤፍኤስ በሁለቱም ወገን መብራቱንና የቡድኑ ቁጥር አንድ መሆኑን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። በአይኬኢ ስሪት 2 የመጀመሪያው የምዕራፍ ሁለት ስምምነት ቁልፉን የሚያገኘው ከምዕራፍ አንድ ስለሆነ የፒኤፍኤስ አለመግጠም በመጀመሪያ አይታይም። ታነሉ ይነሣል፣ ፒንግ (አጭር የመፈተሻ መልእክት) ያልፋል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ይሄዳል። ዕድሜው አልቆ ቁልፉ ሲታደስ ግን ስምምነቱ ይፈርሳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቆረጠው ታነል ምስጢሩ በአብዛኛው ይህ ነው።

7. ትራፊኩ ወደ ታነሉ እንዲገባ ያድርጉ

እዚህ ላይ ሦስት ሥራዎች አሉ፤ ሦስቱም በሁለቱም ጌትዌዮች ላይ ይሠራሉ።

*ከናት ማግለል።* ጌትዌዩ የውስጥ ኮምፒውተሮችን ወደ ኢንተርኔት ሲያወጣ የምንጭ አድራሻቸውን በራሱ ፐብሊክ አይፒ ይቀይራል። ወደ ታነሉ በሚገባው ትራፊክ ላይም ይህን ካደረገ ምንጩ ከተስማሙበት ሰብኔት ውጭ ስለሚሆን ፓኬቱ ወደ ታነሉ አይገባም። ስለዚህ «ከ10.10.0.0/24 ወደ 10.20.0.0/24 የሚሄደው ናት አይደረግ» የሚል ሕግ ይጻፉ፤ ሕጉንም ከአጠቃላዩ የናት ሕግ በላይ ያስቀምጡት። ከታች ከሆነ ተራው አይደርሰውም።

*ራውት (ፓኬቱ በየት እንደሚሄድ የሚወስን መስመር)።* ታነሉ እንደ ኢንተርፌስ በሚታይባቸው መሣሪያዎች ላይ ወደ ሩቁ ሰብኔት የሚወስደውን ራውት በዚያ ኢንተርፌስ በኩል ይጻፉ። ከጎኑ ለዚያው ሰብኔት ዝቅተኛ ቅድሚያ ያለው፣ ፓኬቱን የሚጥል ራውት ይጨምሩ። ይህ ትንሽ መስመር ዋጋው ትልቅ ነው፦ ታነሉ ሲወድቅ የመጀመሪያው ራውት ይጠፋና ትራፊኩ ሳይመሰጠር በዋናው የኢንተርኔት መስመር ሊወጣ ይሞክራል፤ ሁለተኛው ራውት ያን ይከለክለዋል።

*የፋየርዎል ሕግ።* ከሩቁ ሰብኔት የሚመጣው የትኛውን ሰርቨርና የትኛውን ፖርት እንደሚደርስ ይወስኑ። ለፍተሻ ሁሉንም መፍቀድ ይቻላል፤ ከፍተሻው በኋላ ግን ያጥብቡት። ሊኑክስን እንደ ጌትዌይ የሚጠቀሙ ከሆነ ፓኬት ማስተላለፍ መብራቱን ያረጋግጡ፤ በክላውድ ላይ ያለ ጌትዌይ ከሆነ ደግሞ የምንጭና የመድረሻ አድራሻ ፍተሻ የሚባለውን ያጥፉለት።

8. ከታች ወደ ላይ ይፈትሹ

1. ምዕራፍ አንድ «ተመሥርቷል» እንደሚል በሁለቱም ጌትዌዮች ላይ ይመልከቱ። ካልሆነ ወደ ደረጃ 4 እና 5 ይመለሱ፤ ከዚያ በታች ያለውን አይንኩ።
2. ምዕራፍ ሁለት መመሥረቱንና ሰብኔቶቹ እንደ ሰነዱ መሆናቸውን ይመልከቱ። አንዳንድ መሣሪያዎች ትራፊክ እስኪመጣ ድረስ ስለማያነሡት ከውስጥ ፒንግ ያስነሡ።
3. ከ10.10.0.0/24 ውስጥ ካለ ኮምፒውተር በ10.20.0.0/24 ውስጥ ወዳለ ኮምፒውተር ፒንግ ያድርጉ። ከጌትዌዩ ራሱ ላይ ሆነው አይሞክሩ፤ ጌትዌዩ ምንጩን ፐብሊክ አይፒውን አድርጎ ስለሚልክ ደህናው ታነል የተበላሸ ሊመስልዎ ይችላል። ሌላ አማራጭ ከሌለ የውስጥ አድራሻውን ምንጭ አድርገው ይግለጹ።
4. መልስ ካልመጣ የታነሉን የባይት ቆጣሪዎች ያንብቡ። የጌትዌይ ሀ የመውጫ ቆጣሪ ካልጨመረ ችግሩ በጌትዌይ ሀ ናት ወይም ራውት ነው። የጌትዌይ ሀ መውጫ ጨምሮ የጌትዌይ ለ መግቢያ ካልጨመረ ኢኤስፒ በመንገድ ላይ ታግዷል። የጌትዌይ ለ መግቢያ ጨምሮ የጌትዌይ ለ መውጫ ካልጨመረ ችግሩ በጌትዌይ ለ ፋየርዎል ወይም በመድረሻው ኮምፒውተር ነው።

በመጨረሻው ሁኔታ ሁለት ነገር ይመርምሩ። አንደኛ፣ የኮምፒውተሩ የራሱ ፋየርዎል ከሌላ ሰብኔት የሚመጣ ፒንግ ያግድ ይሆናል። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ የሚጠቀምበት ዋና ጌትዌይ ታነሉን የያዘው ላይሆን ይችላል፤ ያኔ መልሱ ወደ ሌላ መሣሪያ ሄዶ ይጠፋል፤ መፍትሔውም በዚያ መሣሪያ ላይ የመመለሻ ራውት መጻፍ ነው። ኢኤስፒ በመንገድ ላይ ከታገደ ደግሞ ናት ባይኖርም በዩዲፒ 4500 ተጠቅልሎ እንዲሄድ የሚያስገድደውን አማራጭ በሁለቱም ላይ ያብሩ።

9. የፓኬቱን መጠን ያስተካክሉ

ፒንግ ያልፋል፤ ነገር ግን ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ይቆማል፣ ድረ ገጽ ግማሹ ይከፈታል፣ የርቀት ዴስክቶፕ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ መጠን ነው። ምስጠራው በእያንዳንዱ ፓኬት ላይ ወደ 60 ባይት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚጨምር 1,500 ባይት የሞላው ፓኬት ከመስመሩ አቅም ያልፋል፤ «አትከፋፍል» የሚል ምልክት ካለበት ይጣላል።

በሁለቱም ጌትዌዮች ላይ በታነሉ የሚያልፈውን የቲሲፒ ኤምኤስኤስ (በአንድ ፓኬት የሚጫነውን ከፍተኛ የዳታ መጠን) ወደ 1,360 ዝቅ ያድርጉት። ለማረጋገጥ መከፋፈልን በሚከለክል ፒንግ በ1,372 ባይት ይጀምሩ፤ ከራስጌዎቹ 28 ባይት ጋር 1,400 ይሆናል። ካላለፈ በ20 ባይት እየቀነሱ የሚያልፈውን መጠን ይፈልጉ፤ ካገኙት ቁጥር ላይ 12 ሲቀንሱ የሚሆነውን ለኤምኤስኤስ ይስጡ። አይሲኤምፒን (ፒንግና የስህተት ማስታወቂያዎች የሚላኩበትን ፕሮቶኮል) ሙሉ በሙሉ የሚዘጋ ፋየርዎል የመጠን ማስታወቂያውንም ስለሚያፍን ይህን ችግር ያባብሰዋል።

10. ሎጉ ምን እንደሚል ያንብቡ

ሁልጊዜ የተቀባዩን ጌትዌይ ሎግ ያንብቡ። ጀማሪው የሚያየው እምቢታውን ብቻ ሲሆን ምክንያቱን የሚጽፈው ተቀባዩ ነው።

- *መልስ የለም፣ መላኩ ይደጋገማል።* ዩዲፒ 500 አልደረሰም፤ ፋየርዎሉን፣ አድራሻውንና ከፊት ያለውን ራውተር ይመልከቱ። በ500 መልስ መጥቶ በ4500 ላይ ዝም ካለ የተዘጋው 4500 ነው።
- *«ኖ ፕሮፖዛል ቾዝን»።* አልጎሪዝሞቹ ወይም ቡድኑ አልገጠሙም። በመጀመሪያው ልውውጥ ከመጣ ምዕራፍ አንድን፣ ከዚያ በኋላ ከመጣ ምዕራፍ ሁለትን ያስተካክሉ።
- *«ኦተንቲኬሽን ፌይልድ»።* ቁልፉ ወይም መታወቂያው አልገጠመም። ቁልፉን ከመቀየርዎ በፊት ተቀባዩ የጻፈውን መታወቂያ ከሰነዱ ጋር ያስተያዩ።
- *«ቲኤስ አንአክሴፕተብል»።* ሰብኔቶቹ መስተዋት አይደሉም።

አንድ ለውጥ ያድርጉ፣ ታነሉን በሁለቱም በኩል አፍርሰው እንደገና ያስነሡ፣ ውጤቱን ይጻፉ፤ ከዚያ ብቻ ወደሚቀጥለው ለውጥ ይሂዱ። ታነሉ ሳይፈርስ የተቀየረ ቅንብር ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ስለማይውል ትክክለኛውን መፍትሔ አግኝተው እንዳላገኙ ሊያስቡ ይችላሉ።

11. ለተጠቃሚዎች ከመስጠትዎ በፊት

የምዕራፍ ሁለትን ዕድሜ ለጊዜው ወደ 300 ሰከንድ አውርደው የማያቋርጥ ፒንግ ያስኬዱና ቁልፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታደስ ፒንጉ መቀጠሉን ይመልከቱ፤ ከዚያ ወደ 3,600 ይመልሱት። በደረጃ 6 የተናገርነው የፒኤፍኤስ ስህተት ካለ በሰዓት ሳይሆን በደቂቃዎች ይጋለጣል። ቀጥሎ ጌትዌይ ሀን አጥፍተው ያስነሡ፤ ታነሉ ያለ ማንም እርዳታ መመለሱን ካዩ በኋላ ይህንኑ በጌትዌይ ለ ይድገሙት። ታነሉ በጠፋበት ጊዜም በውጭው ኢንተርፌስ ላይ ፓኬት እየቀረጹ ወደ ሩቁ ሰብኔት የሚሄድ ያልተመሰጠረ ትራፊክ አለመውጣቱን ያረጋግጡ።

ለፍተሻ የከፈቷቸውን ሰፊ የፋየርዎል ሕጎች ያጥብቡ፣ የሁለቱንም ጌትዌዮች አዲሱን ቅንብር በፋይል ያስቀምጡ፣ በሥራ ወቅት የተለወጠ ዋጋ ካለ የጋራ ሰነዱን ያርሙ። ቁልፉን የሚያውቅ ሠራተኛ ሥራውን ሲለቅ ቁልፉ በዚያው ቀን ይቀየር። በሚቀየርበት ጊዜ በመጀመሪያ ሩቁ ጌትዌይ ላይ፣ በታነሉ ሳይሆን በደረጃ 1 ባዘጋጁት ሌላ መስመር ገብተው ይቀይሩ፤ ከዚያ ቅርቡን ቀይረው ታነሉን በሁለቱም በኩል ያፍርሱና በአዲሱ ቁልፍ መነሣቱን ይመልከቱ።